የሦስት ኩንታል ደረሰኝ

ጥር 2010 ዓ.ም.፣ የትመን

የዓባይን ቁልቁለት ስንቱ ጽፎታል፤ እኔ እዘለዋለሁ። ደጀን ላይ ቁርሴን በልቼ የብቸናን ሚኒባስ ያዝኩ። ከደጀን ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ ዝናብ ሲዘንብበት ጫማ የሚያስቀር፣ አሁን ግን ደርቆ የተሰነጣጠቀ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። በየአውድማው በሬ ይዞራል።

አመጣጤ ለዚሁ ጤፍ ነው። አዲስ አበባ በደርግ ጊዜ ያደግኩ፣ የቀበሌ ጤፍ የበላሁ ሰው ነኝ። እናቴ በካርድ፣ በሰልፍ ታመጣው ነበር። ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። «ከእርሻ ሰብል» ይባላል፣ በቃ። እርሻ ሰብል የሚባለው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

የትመን ወርጄ ከመንገዱ ዳር አንድ አውድማ ላይ ቆምኩ። «ይባርከው» አልኩ። አውድማ ላይ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር ነውና መንሽ ተሰጠኝ። ከነፋሱ አንጻር ቆሜ ገለባውን በሙሉ ፊቴ ላይ ስበትነው የአውድማው ባለቤት፣ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የከተማ ልጅ ነህ» አሉ። ለጠላ ወደ ቤታቸው የተጠራሁት በዚህ ውለታዬ ይመስለኛል።

ስለ ደርግ ዘመን ግብር ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ግብሩማ ምን ግብር ነበር፣ ልጄ! የመሬት መጠቀሚያውም የእርሻ ገቢውም ተደማምሮ 20 ብር ቢሆን ነው። መዋጮው ነው የሚበዛው። ለገበሬዎቹ ማህበር ለመኢገማ ይባላል፣ ሚስትህ ለሴቶቹ ለአኢሴማ፣ ልጅህ ለወጣቶቹ ለአኢወማ። እሱም ቢሆን በግ ሸጠህ ትገላገለዋለህ። ኮታው ነው እንጂ!»

ኮታ ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። አሠራሩ ይህ ነው። ከላይ የተቆረጠ የእህል መጠን ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማህበር ይወርዳል፤ ማህበሩ ለየአባወራው ያከፋፍላል። ዋጋውን መንግሥት ይተምናል። እህሉ ለጦሩና ለከተማው ቀበሌ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ነጋዴ ከገዛው ከፊሉን ለእርሻ ሰብል እያስረከበ ይሠራ ነበር፤ በጎጃምና በአርሲ ግን የግል የእህል ንግድ ጭራሹን እስከመታገድ ደርሷል። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ አንድ ቁና ጤፍ ይዞ ማለፍ ያስጠይቃል።

ሽማግሌው ላይ የተጣለው 3 ኩንታል ነበር። በራሳቸው አህያ ጭነው መጋዘን ድረስ ያደርሳሉ። መዛኙ እጁን ከጆንያው ይከትና «አፈር አለበት፣ አንጠርጥራችሁ ኑ» ይላል። ሴቶቹ መጋዘኑ ደጃፍ ወንፊት ይዘው ቁጭ ይላሉ። ከወንፊቱ በኋላ ደግሞ ኩንታሉ ይጎድላል።

«ሚዛኑ አይጠግብም ነበር» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

እሳቸው የሚያስታውሱት ስኳሩን ነው። የአገልግሎት ማህበሩ ሱቅ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ያመጣል፤ ኮታውን ያላስገባ ግን ስሙ ቢጠራም አይሰጠውም። «እኛ ቡናውን በጨው ነው የምንጠጣው፣ ስኳር ምን ይሠራልናል? ልጅ ሲያመው ነው እንጂ። ወስደን ገበያ እንሸጠዋለን» አሉኝ። ለምን እንደሚሸጡት ወዲያው አልገባኝም።

ሽማግሌው ተነሥተው ከጎታው ጀርባ ከተንጠለጠለ የቆዳ ኮሮጆ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ደረሰኝ ነው። እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። ማኅተሙ ሐምራዊ ጭጋግ ሆኗል። ጤፍ፣ 3 ኩንታል የሚለው ይነበባል፤ ዋጋው የተጻፈበት ቦታ ግን አይጥ ቀምሶታል። አርባ ምናምን ብር በኩንታል እንደነበር በቃላቸው ነገሩኝ።

«ይሄ ጤፍ የእኔ አይደለም» አሉ።

በረዶ የመታቸው ዓመት ነው። ከአውድማ የገባው ለዘርና ለልጆች እንኳ አይበቃም። ኮታው አልተቀነሰም። ሊቀመንበሩ የአክስታቸው ልጅ ነው፤ «እኔም ታዝዤ ነው፣ ካላስገባህ አስርሃለሁ» አላቸው። ወይፈን ሸጡ። የስኳሩን ገንዘብ ጨመሩ። ሌሊት፣ በጓሮ፣ ከተደበቀ ነጋዴ ጤፍ በ70 ብር ገዙ። በማግስቱ ጭነው ወስደው በአርባ ምናምን ብር ለመንግሥት «ሸጡ»። ደረሰኙን ያስቀመጡት ጤፉን እንዳስገቡ ማስረጃ እንዲሆናቸው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አላስገባህም ቢባሉስ?

እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። ይህ የጎጃም አገር እኮ በ1960 ዓ.ም. የጃንሆይን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ የሸፈተ ነው፤ ርስታችን ይለካል ብሎ። መንግሥት ጦር ልኮበት፣ ኋላ ውዝፉን ለመማር የተገደደበት አገር ነው። ታዲያ ኮታውን እንዴት ዝም አሉ?

«ያን ጊዜ ጠመንጃው እኛ ዘንድ ነበር» አሉ። «በደርግ ጊዜ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሆነ።»

ብዙ የተጻፈ መልስ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። መሬት ላራሹን በ1967 ያወጀ መንግሥት የባላባቱን እርቦና ሲሦ አስቀርቶ፣ በሌላ በር ኩንታሉን መውሰዱን ግን እኛ ከተሜዎች እስከ ዛሬ በወጉ አላነሳነውም። በላን እኮ።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ሽማግሌው ዜናውን ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምተው አላመኑም፤ የዚያን ዓመትም ከጤፋቸው 3 ኩንታል ለይተው እስከ ግንቦት አቆይተዋል።

ስወጣ ባለቤታቸው በር ድረስ ሸኙኝና «ለመሆኑ እናንተ በስንት ትገዙት ነበር?» አሉኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ደጀን ስደርስ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ሰልፉን፣ ካርዱን፣ ከፊቷ ትሰለፍ የነበረችውን ጎረቤት ሁሉ ነገረችኝ። ዋጋውን አታስታውስም።