ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ስንት ሰዓት ነው?

በአዳማ አቅራቢያ ከምናስተምራቸው አንዱ አባት ትምህርት ሲያልቅ ጠብቀው ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ሻሸመኔ ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ? ባለፈው ዓመት ወንድሜ እዚያ ሲያርፍ ‹ቅርብ ነው› ብለውኝ ከብቶቼን አሰማርቼ ወጣሁ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። አሁን ልጁ ልትዳር ነው። መርቄ የምሸኛት እኔ ነኝ።»

እኛም «አባባ፣ ቅርብና ሩቅ ሰዓት አይነግሩም። ቁጥር ግን ይነግራል» አልናቸው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የመንገዱን ርቀት በግምት ጻፍን።

ከአዳማ እስከ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር፣
ከሞጆ እስከ መቂ 60፣
ከመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) 30፣
ከባቱ እስከ ሻሸመኔ 85።

አባባ ራሳቸው ደመሩት። 200 ሆነ። መኪና በአንድ ሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 200 ለ50 ሲካፈል 4 ሰዓት ይሆናል።

አንዲት እናት «በአውሮፕላንስ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳቀ። እኛ ግን ካርታ ዘርግተን በክር ለካን። አሞራ በቀጥታ ቢበር 165 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሞራን ውሃ አያግደውም። የመኪናው መንገድ ግን መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሞጆ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሐይቆቹን እየዞረ ይወርዳል። የቆቃ ሐይቅ የተፈጠረው የአዋሽ ወንዝ ሲገደብ ነው። ግድቡ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው።

በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ነገር ግን አዳማም ሻሸመኔም የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም። መብረር የፈለገ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ቦሌ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። ወደ ሐዋሳ ይበርና እንደገና በመኪና ወደ ሻሸመኔ ይመለሳል። በሰማይ ያተረፈውን ጊዜ በምድር ይከፍለዋል።

በሠርጉ ዋዜማ ከአባባ ጋር አብረን ሄድን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። መቂ ላይ ተሳፋሪው ቲማቲምና ሽንኩርት ሊገዛ ወረደ። ከባቱ በኋላ ከብት መንገዱን ዘጋ። ሻሸመኔ የገባነው 7 ሰዓት ላይ ነው። በሰሌዳ 4 ሰዓት የነበረው በመንገድ 6 ሰዓት ሆነ።

አባባ ይህንን በደብተራቸው ጻፉ፦ «መንገድ 4። መጠበቅ 2።» በማግሥቱ ሙሽራይቱ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆመው መረቋት።

እናንተም አስሉ፦ ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? የመጠበቂያውንም ጨምሩበት። ሳይቸግራችሁ ዛሬ ጻፉት።