ማን ሞቶባት ነው?

የወደዱትን ፊልም ተከታይ ለማየት መቀመጥ ከቆየ ወዳጅ ጋር እንደ መገናኘት ነው። በ1987 ዓ.ም. እኔና የአሥራ አራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሰፈራችን ከነበረው ቪዲዮ ቤት «ኤሊየን 3»ን ልናይ የገባነው በዚሁ ስሜት ነበር። ወንድሜ ሁለተኛውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቀዋል። ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው በዚያ ፊልም ሪፕሊ የተባለችው ጀግና ወላጆቿ ያለቁባትን ትንሿን ኒውትን ከአውሬዎቹ ጎሬ ገብታ ታቅፋት ትወጣለች። ሂክስ የተባለው ወታደርም ቆስሎ ይተርፋል። ፊልሙ የሚያበቃው ለረጅሙ የመልስ ጉዞ በሰላም ሲተኙ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ግን ገና የተዋንያኑ ስም ተዘርዝሮ ሳያበቃ ልጅቷንም ወታደሩንም ገደላቸው። የተሳፈሩባት መንኮራኩር ወህኒ ቤት በሆነች ፕላኔት ላይ ወደቀች። ኒውት በተኛችበት ውኃ አፍኗት፣ ሂክስም በተኛበት፣ እንደተኙ ቀሩ። ወንድሜ «ታዲያ ያን ሁሉ ምን አለፋት?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እኔ የከፈልኩበት ገንዘብ አሳዝኖኝ እስከ መጨረሻው ብቀመጥም፣ ፍርዴ ከእሱ የተለየ አልነበረም።

በፊልሙ የተከፋነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ካሜሮን ራሱ በእነዚያ ሰዎች መገደል ቅር መሰኘቱን በይፋ ተናግሯል። የሦስተኛው ክፍል አዘጋጅ ዴቪድ ፊንቸር ይህን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲሠራ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቀረጻው የተጀመረው ድርሰቱ ሳያልቅ ሲሆን፣ ሥራውም ከስቱዲዮው ጋር በመጨቃጨቅ ነው ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግማሽ ሰዓት ያህል የተጨመረበት ቅጂ ሲወጣም ፊንቸር እጁን አላስገባበትም።

ባለፈው ክረምት ያየሁት ይህን ረጅሙን ቅጂ ነው። ወንድሜ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። «ደኅና እደሩ» ብሎ ተኝቶ ጠዋት ሳይነሣ ቀረ። ፊልሙን ከፍቼ ብቻዬን እያየሁ ሳለ ከገጠር የመጡት አክስቴ ጥጣቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። እንግሊዝኛ አያውቁም። ሪፕሊ ራሷን ተላጭታ ስትታይ እንዝርታቸውን አቆሙና፦

«ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

በታሪኩ መሠረት የተላጨችው ወህኒ ቤቱ ቅማል ስላለበት ነው። በአክስቴ አገር ግን ሴት ራሷን የምትላጨው ሐዘን ሲጠናባት ነው።

«ልጅ ሞታባት ነው» አልኳቸው።

«የራሷ ልጅ?»

«አልወለደቻትም። ከሞት አፍ ያወጣቻት ናት።»

«ታዲያ ወለደቻት በለኛ!»

ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መልሼ አብረን አየነው። ያን ጊዜ የአውሬ ፊልም ብቻ መስሎኝ የነበረው የለቅሶ ፊልም ሆኖ አገኘሁት። ሪፕሊ ሐኪሙን የልጅቷን አስከሬን ክፈትልኝ ብላ ስትይዘው፣ ፍርሃቷን ደብቃ ኮሌራን ሰበብ ስታደርግ፣ እኔም በዚያ ጠዋት ሐኪሙን ደጋግሜ «ለምን?» ያልኩት ትዝ አለኝ። ሟቾቹ በእርሳስ ማቅለጫው እሳት ሲሰናበቱ፣ ዲለን የተባለው እስረኛ በሕይወት ለማያውቃቸው ሰዎች ቆሞ ይናገርላቸዋል። ወንድሜን በዓይናቸው ሳያዩት ከድንኳናችን ውለው ያደሩ ጎረቤቶች ታወሱኝ።

ጉድለቱን ዛሬም አልክድም። ሁሉም እስረኞች ራሰ በራ ስለሆኑ በመተላለፊያው ሲሯሯጡ ማን ማንን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አውሬው አንዳንድ ቦታ ላይ ከሥዕሉ ጋር አልዋሃድ ያለ ልጥፍ ይመስላል። ይህን የሚነቅፍ ተመልካች እውነት አለው።

ወንድሜ ሳያየው የወጣው መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ሪፕሊ አውሬው በገዛ ሰውነቷ ውስጥ መጸነሱን ታውቃለች። የኩባንያው ሰዎች መጥተው «እናወጣልሻለን፣ ትድኛለሽ» ቢሏትም፣ ለጦር መሣሪያ ሊያሳድጉት እንደሚፈልጉ ስለገባት አታምናቸውም። እጆቿን ዘርግታ ወደ እሳቱ ወደ ኋላ ትወድቃለች። ያተረፈቻት ልጅ ሞታባት እያለ እንደገና ታተርፋለች፤ ያውም መቼም የማታያቸውን ሰዎች።

ወንድሜን ሕፃን ሳለ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ፤ ፊደልም ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። በቀብሩ ዕለት የራሱ ጥያቄ በእኔ አፍ መጣ፤ ያን ሁሉ ምን አለፋኝ? ፊልሙ ለዚህ መልስ የለውም። ያዳንነው ሁሉ ድኖ ይኖራል ብሎ ግን አይዋሽም። ያን ጊዜ የጠላሁት በዚሁ ነበር፤ አሁን የወደድኩትም በዚሁ ነው። ወንድሜ ቢኖር «አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተቀመጥ» እለው ነበር። ምናልባት አሁንም ተነሥቶ ይወጣ ይሆናል፤ አልፈርድበትም።