ለአሮጌ ፒክአፕ አዲስ ካምቢዮ

የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌት ሲ10 ያለው ሰው ገንዘቡን ሞተር ላይ ከማፍሰሱ በፊት ካምቢዮውን ይይ ባይ ነኝ። የዚያ ዘመን ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ፣ ኤስኤም465፣ አንደኛ ማርሹ 6.55 ለ1 ነው፤ ጭነት ለማስነሳት እንጂ ለከተማ ጉዞ አልታሰበም፤ ገና ከመነሳቱ ሁለተኛ ማስገባት ግድ ነው። አራተኛው 1 ለ1 ስለሆነ ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ይጮኻል። በአዲስ ካምቢዮ፣ ለምሳሌ በትሬሜክ ቲኬኤክስ፣ አምስተኛው ማርሽ 0.68 የሆነውን ከመረጡ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ይሠራ የነበረ ሞተር በዚያው ፍጥነት 2,040 ይበቃዋል። ፈረስ ጉልበት ሳይጨመር መኪናው ሌላ ይሆናል።

«ኦሪጅናልነቱ ይጠፋል» ለሚሉት፦ ለኤግዚቢሽን መኪና ልክ ናቸው። ለሚነዳ መኪና ግን አሮጌው ካምቢዮ ጋራዥ ጥግ ይቀመጥ፤ ሲፈለግ ይመለሳል። ዋጋው ይከብዳል፣ አልክድም። ከባድ ተጎታች እየሳበ ዳገት ለሚወጣ ግን ያ 6.55 ዛሬም ይሻለዋል፤ እሱ አይቀይር።