ካሜራው ተመለሰ፤ ፊልሙስ?

ዓድዋ በፊልም ሳይነሣ ቀረ ብሎ ዘወትር የሚቆጭ አንድ ወዳጅ አለኝ። ቁጭቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሉሚዬር የሚባሉት ፈረንሣውያን ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከሕዝብ ገንዘብ ተቀብለው ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። ዓድዋ የሆነው ከዚያ 2 ወር አለፍ ብሎ ነው። መሣሪያው ነበረ ማለት ነው፤ ተሸክሞት የሚመጣ ሰው ነው የታጣው። “ምናለ አንዱ ፈረንጅ ሳጥኑን ይዞ አንድ ተራራ ላይ ቢወጣ ኖሮ!” ይላል ወዳጄ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ። እኔም ታዲያ በዚያው ዓመት ሳጥኑን ተሸክሞ ሌላ አገር ስለተገኘ አንድ ልጅ እነግረዋለሁ።

ልጁ ፍራንሲስ ዱብሊዬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1878 ነው የተወለደው፤ ያኔ እንግዲህ 18 ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ የ18 ዓመት ልጅ የመብራት ሒሳብ ክፈል ብለን ለመላክ እናመነታለን። ሉሚዬሮች ግን ይህንን የፋብሪካቸውን ልጅ ሻርል ሟሶን ከሚባል የሥራ ታላቁ ጋር ሞስኮ ድረስ ሰደዱት። ዛር ኒኮላስ 2ኛ ዘውድ ሊጭኑ ነዋ!

ሳጥኑ የእንጨት ነው፤ በእጅ ይዘወራል። ቀን ያነሣል፣ ያነሣውን ያትማል፣ ማታ ደግሞ ከኋላው መብራት ሲደረግለት ራሱ ያሳያል። አንዱ ጥቅል ፊልም 17 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ 50 ሰከንድ ያህል ዞሮ ያልቃል። ስለዚህ ምኑን ላንሣ ብሎ መምረጥ የዋዛ ነገር አልነበረም። ዛሬ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ኬኩ ሲቆረስ ብቻ ስንት 50 ሰከንድ እንደሚያጠፋ አስቡት።

የዘውዱ በዓል ያለ እንከን ተነሣ። በ4ኛው ቀን፣ ግንቦት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሖዲንካ በሚባል ሜዳ ላይ ለሕዝቡ ስጦታ ሊታደል ተባለ። (የካቲት 23ን ለሚቆጥር ሰው፣ ዓድዋ በሆነ ልክ በ3ኛው ወር ማለት ነው።) ስጦታውም ማስታወሻ ኩባያ፣ ዳቦ፣ ቋሊማና ጣፋጭ ነገር ነው። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ገና ሳይነጋ ሜዳውን ሞላው። ሜዳው የወታደር መለማመጃ ስለነበረ ጉድጓድና ቦይ የበዛበት ነው። “ስጦታው አይበቃም” የሚል ወሬ ተነዛ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም፤ የፊተኛው ጉድጓድ ገባ፣ የኋለኛው በላዩ ሄደ። የመንግሥት ቁጥር እንኳ ሟቾቹን 1,389 ያደርሳቸዋል።

ሁለቱ ፈረንሣውያን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነው እጀታውን እያዞሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጣና እነሱን ያዛቸው፣ ካሜራውንም ፊልሙንም ወሰደ። የዚያን ዕለት ማታ ዛሩ በፈረንሣይ አምባሳደር ግብዣ ላይ ተገኝተው ጨፈሩ። ዱብሊዬ ራሱ በኋላ ዘመን እንደተናገረው፣ ካሜራው ከወራት በኋላ ተመለሰለት። ፊልሙ ግን አልተመለሰም።

ወዳጄ እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን አልጨረስኩም።

ዱብሊዬ ከዚያ በኋላም ሩስያ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፊልም ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በደቡብ በኩል አይሁድ በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ደረሰ። ዓመቱ የካፒቴን ድሬይፉስ ነገር ዓለምን ያናወጠበት ነው። ሰላይ ነህ ተብሎ በግፍ ተፈርዶበት፣ የሰይጣን ደሴት በሚሏት ቦታ የታሰረው አይሁዳዊ የፈረንሣይ መኮንን ማለቴ ነው። ሕዝቡ ወገኑን ማየት ፈለገ። “ድሬይፉስን ለምን አታሳዩንም?” አለ።

ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳጥኑን ፈተሸ። አንድ የፈረንሣይ ጦር ሰልፍ አገኘ፤ ፊት ፊት አንድ መኮንን ይሄዳል። አንድ ትልቅ ሕንፃ የሚታይበት የፓሪስ መንገድ አገኘ። ወደ ሌላ መርከብ የምትጠጋ የፊንላንድ ጀልባም አገኘ። በመጨረሻም የአባይ ወንዝ ግብፅ ውስጥ ወደ ባሕር የሚገባበትን ሥፍራ አገኘ። (አባይ እንኳ ሳያውቀው በሰው ክርክር ገባላችሁ!) አራቱን ቀጣጠላቸውና በቃል እንዲህ ተተረኩ፦ ይኸውላችሁ ድሬይፉስ ከመታሰሩ በፊት፣ ይኸው ፍርድ ቤቱ፣ ይኸው የሚወስደው መርከብ፣ ይኸው ደሴቲቱ። ሕዝቡም አመነ።

አመነ እንጂ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዓመት ቆጠረ። ድሬይፉስ የታሰረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የሉሚዬሮች ካሜራ ደግሞ ገና አልተወለደም ነበር! ፊልሙም ከመታየት ቀረ።

እኔን የሚከነክነኝ ማታለሉ ብቻ አይደለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አራቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸው። ወታደሩ ወታደር ነው፣ መርከቡ መርከብ፣ ውሃውም ውሃ። የዋሸው ምላስ ነው። ያኛው፣ የሖዲንካው፣ ማንም ሳይተርክለት ራሱ የሚናገረው ፊልም ደግሞ ፖሊስ እጅ ገብቶ ቀርቷል። የእኛ የዓድዋ ሠዓሊዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ ባይ ነኝ። የራሳቸውን ሰው በሙሉ ፊት፣ ጠላትን በግማሽ ፊት ሣሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም ከላይ በፈረስ አስቀመጡት። ለማን እንደሚያደሉ ከሩቅ ያስታውቃሉ፤ ያየ ሰው ተታለልኩ አይልም።

ዛሬ ሳጥኑ በየኪሳችን ነው። ዓመት የሚቆጥር ሰው ግን አልበዛም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት እናት ልጃቸው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንዱ በስልክ ቪዲዮ ላከላቸው። ጀልባ ሲገለበጥ፣ ሰዎች ውሃ ላይ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ያሳያል። “የእኛ ልጆች ናቸው፣ ባለፈው ሳምንት” ይላል ከሥሩ የተጻፈው። እሳቸውም ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዱን ጀርባ “ይኼ የእኔ ነው” አሉ። ጥቁር ለበሱ። ጎረቤቱም ድንኳን እንትከል አንትከል እያለ መከራከር ጀመረ።

የወንድማቸው ልጅ፣ ኮምፒውተር ቤት የሚሠራ ልጅ፣ ቪዲዮውን ሲያፈላልግ ውሎ አመሻሹ ላይ መጣ። ምስሉ ሰው እጅ የገባው የአክስቱ ልጅ ከቤት ከመውጣቱ 2 ዓመት ቀድሞ ነው። ይህንኑ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሁላችንም እፎይ አልን። እሳቸው ግን ስልኩን እንደያዙ ቆዩና፣

“ታዲያ እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?” አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ልጁ ላጥፋልዎት ብሎ እጁን ሲዘረጋ ስልኩን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። በ3ኛው ሳምንት ልጃቸው ከጂዛን ደወለ፤ ጥቁሩም ወለቀ። ቪዲዮው ግን እስካሁን እሳቸው ዘንድ አለ።