ከሱቁ ጀርባ የነበረው ክፍል

ዛሬ ከአገራችን ርቀን እንሄዳለን። ባሕር ተሻግረን አሜሪካ እንገባለን። የምንሄደው ግን ፎቅ ወደሚደረደርበት ከተማ አይደለም፤ ወደ ገበሬ መንደር ነው።

በደቡብ ካሮላይና ግዛት ቻርልስተን የሚባል የወደብ ከተማ አለ። ከከተማው አጠገብ ጆንስ ደሴት ይገኛል። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ነው። ዛሬ በድልድይ ይገባበታል፤ ድሮ በጀልባ ነበር። አገሩ ዝቅተኛና ረግረግ የሚበዛበት ነው። ከዛፎቹ ላይ የእኛን የዛፍ ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። አንጀል ኦክ የሚሉት አንድ ትልቅ ዛፍ አላቸው፤ ቅርንጫፉ ከብዶት መሬት ላይ ይተኛል። አገር ጎብኚ የሚመጣው እሱን ለማየት ነው። እኛን ግን ያመጣን ዛፉ አይደለም።

የደሴቱ ጥቁር ሰዎች አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው ጥጥ ሲያለሙ የኖሩ ናቸው። ቋንቋቸው ጉላ ይባላል፤ እንግሊዝኛና የአፍሪካ ቋንቋዎች የተደባለቁበት ነው። ባርነቱ በ1865 ቀረ። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) መብቱ ግን አልመጣም። በግዛቱ ሕግ መምረጥ የፈለገ ሰው ወይ 300 ዶላር የተገመተ ንብረት እንዲኖረው፣ ወይ ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል እንዲያነብና እንዲጽፍ ይጠየቅ ነበር። መዝጋቢው ነጭ ነው። የጥቁሮች ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቂትና ድሃ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፦ መጀመሪያ ፊደሉን ነፈጓቸው፤ ቀጥለው ፊደል ስለማታውቁ አትመርጡም አሏቸው።

አቶ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባሉ የደሴቱ ሰው አውቶቡስ ነበራቸው። ጧት ጧት ሠራተኛውን ወደ ቻርልስተን ያደርሳሉ። አንዲት ተሳፋሪ፣ ማንበብ ቢያስተምሩኝ ተመዝግቤ እመርጣለሁ አለቻቸው። እሳቸውም የሕጉን ቃል አባዝተው ለተሳፋሪዎቹ አደሉ፤ መንገድ ላይ ያስረዱ ጀመር። ሴትየዋ ቃሉን ሸመደደችው። መሸምደድና ማንበብ ግን ለየብቻ መሆኑን እሷው ራሷ አወቀች። ማንበቡን ፈለገች።

የጎልማሶች ትምህርት ከዚያ በፊት ተሞክሮ ነበር። ትልልቁን ሰው በሕፃናት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለ። ልጆች ሳቁበት። ተማሪው አንድ በአንድ ቀረ። ይህን ነገር ከእናንተም መካከል የሚያውቀው አይጠፋም።

በ1954 አቶ ጄንኪንስ ሃይላንደር ወደሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሄዱ። ቦታው በቴነሲ ግዛት ነው። እዚያ ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ እየበላ ይወያያል፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሃይላንደር ያለ ወለድ ገንዘብ አበደራቸው። የደሴቱ ሰዎች ማኅበርም አሮጌ ቤት ገዛ። ከፊት ለፊት ሱቅ ከፈቱ፤ ከጀርባ ያለውን ለትምህርት አደረጉት። ለምን ቢሉ፣ ነጮቹ እንዳይነቁባቸው ነው። መንገደኛ የሚያየው ሱቅ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የተጀመረው ጃንዋሪ 7 ቀን 1957 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት መሆኑ ነው። የእርሻ ሥራ የሚላላበት ወቅት ነበር። 14 ሰዎች መጡ። በሳምንት ሁለት ማታ ይማራሉ። አስተማሪዋ ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ ነበሩ እንጂ መምህርት አልነበሩም። ደንበኞቻቸው ጥቁሮች ስለሆኑ ከሥራ የሚያባርራቸው ነጭ አለቃ የለባቸውም። ዘመዳቸው ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ መምህርት ነበሩ፤ ለጥቁሮች መብት የሚታገል ማኅበር አባል ነሽ ተብለው በ1956 ተባረዋል።

ወይዘሮ ሮቢንሰን የልጆች መማሪያ ይዘው ሄደው ነበር። ሰዎቹን ሲያዩ ወዲያ አስቀመጡት። ምን መማር ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ። አንዱ ስሜን መጻፍ አለ። ሌላው ከልጄ የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ አለ። ገንዘብ በፖስታ የሚላክበትን ቅጽ መሙላት የፈለገም ነበር። ትምህርቱ ከዚያው ተነሣ። ሒሳቡ እንኳ የቤንዚንና የሸቀጥ ዋጋ ነበር።

በግድግዳው ላይ ግን ሌላ ነገር ሰቀሉ፤ የሰው ልጆች ሁሉ የመብት መግለጫ። ይህ ጽሑፍ በ1948 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀ ነው፤ ድምፅ ከሰጡለት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ትምህርቱ ሲያልቅ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ አሏቸው። ለጀማሪ ይህ አይከብድም ወይ የሚል ይኖራል። እኛ ደግ አደረጉ እንላለን። ለጎልማሳ ሰው አዲሱ ፊደሉ ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ስለ መብትና ስለ በደል መወያየት ማንም አያስተምረውም። ከሕገ መንግሥቱም ቃል በቃል እያነሡ፣ ይህ ምን ማለት ነው እየተባባሉ ይነጋገሩ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ 65 ዓመቷ ነበር። አንድ ማታ የሁሉም ስም በሰሌዳ ላይ ተጻፈ። አሮጊቷ ማስመሪያውን ከአስተማሪዋ እጅ ወሰዱና፣ ይሄ የእኔ ስም ነው ብለው አሳዩ። ፊደሉንም አንድ በአንድ ቆጠሩት። ወይዘሮ ሮቢንሰን ይህን ማታ ከዓመታት በኋላም ያወሩት ነበር።

ወሬው ወደ ጎረቤት ደሴቶች ደረሰ፤ እኛም ጋ ይከፈትልን አሉ። በ1961 የቴነሲ መንግሥት ሃይላንደርን ዘጋው። ትምህርቱ ግን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመሩት ድርጅት ተሻግሮ በደቡብ ግዛቶች ተሰራጨ። በ1965 የወጣው የምርጫ ሕግ በነዚያ ግዛቶች የንባብ ፈተናውን አስቀረው።

ማኅበሩ በ1963 እዚያው ደሴት ላይ ሌላ ቤት ሠርቶ ነበር። በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ክፉኛ ጎዳው። በ2007 በአገሪቱ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ገባ። አቶ ጄንኪንስ በ1972 ሞቱ። ቤተሰባቸው ይነዳው ከነበረው ትንሽ የፎልክስዋገን አውቶቡስ የተቆረጠው ቆርቆሮ ዋሽንግተን ባለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ይገኛል። በኋላ በሩ ላይ፣ ፍቅር እድገት እንደሆነና ጥላቻ ዋጋው እንደሚከብድ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል።