ሰፈሩ የእኛ፣ መራጩ ሁሉም

ዛሬ ጠዋት ክላርክስተን ቡና ላይ አንድ ሰውዬ የመብራት ቢሉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ «ይሄን ከሚያጸድቁት አምስት ሰዎች ውስጥ የእኛ ሰው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ቢሉ ለማውራት ሁሉም አፍ ነበረው። ጥያቄውን ግን የደፈረው አልተገኘም።

ጆርጂያ የምትኖሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የመብራት ዋጋ የሚወስነው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አምስት አባላት አሉት፤ ለስድስት ስድስት ዓመት ይመረጣሉ። ስቴቱ በአምስት ዲስትሪክት ተከፍሏል። ከ1998 ወዲህ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አባላቱ ከየዲስትሪክቱ አንድ አንድ እንዲሆኑ፣ ተወዳዳሪውም ከምርጫው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው የኖረ እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። እስከዚህ ደስ ይላል። ፉልተን፣ ዲካልብና ክሌይተን ካውንቲዎች ዲስትሪክት 3 ናቸው፤ ስለዚህ የእኛ ሰው ከእኛው መሃል ይወጣል።

ድምፅ የሚሰጠው ግን ስቴቱ በሙሉ ነው። ፍሎሪዳ ድንበር አጠገብ ቫልዶስታ ያለ ገበሬ የዲካልብን ተወካይ ይመርጣል፣ ዲካልብም የእሱን። ሕጉ ተወካዩ የት እንደሚያድር ይጠይቃል፤ ለማን እንደሚያድር ግን አይጠይቅም።

2018ን አስታውሱ። በሁለተኛው ዙር ሪፐብሊካኑ ቸክ ኢተን ዲሞክራቷን ሊንዲ ሚለርን አሸነፈ። ወንበሩ የዲስትሪክት 3 ነው። ሦስቱ ካውንቲዎች ደግሞ በሰፊ ልዩነት ለሚለር ነበር ድምፃቸውን የሰጡት። በ2021 ኢተን ዳኛ ሆኖ ሲሄድ ገዥው ብራያን ኬምፕ ፊትዝ ጆንሰንን በቦታው ሾሙ፤ እሱም አንድም ድምፅ ሳይሰጥበት እስከ 2025 ተቀመጠ። እንዴት አትሉም? እንመጣበታለን።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልበረደለት ንዴት አለው። ከዓመታት በፊት ስሙ ይቅርና አንድ ማኅበራችን ቦርድ ሊመርጥ ተሰበሰበ። አንዱ ተነሥቶ «አባላቱ ከየክፍለ ሀገሩ ይሁኑ፣ የየክፍለ ሀገሩም ሰው ይምረጣቸው» አለ። በቃ፣ ቀኑ እዚያ ላይ አለቀ። አባቱ የወሎ፣ እናቱ የጅማ፣ እሱ ራሱ አስመራ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ አንድ ምስኪን ነበር፤ አራት ወገን «የእኛ ነው» ብሎ ተሻማበት። የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ «ክፍለ ሀገር የለንም ተብለን ልንቀር ነው?» ብለው አኮረፉ። ሰብሳቢው የቦርድ አባል ከስብሰባ በኋላ ወንበር እንደሚያነሣና አዳራሽ እንደሚጠርግ ሲያነብ ያ ምስኪን በአንድ አፍታ የማንም አልሆነም። ያልተከፈለው የአዳራሹ መብራት ቢል አጀንዳው ላይ ተራ ቁጥር አራት ነበር። አልተደረሰበትም።

ሳቁም ንዴቱም እንዳለ ሆኖ ያ ስብሰባ ከጆርጂያ ሕግ በአንድ ነገር ይሻል ነበር፦ ወሎዬውን ወሎዬው ይምረጥ ነበር የተባለው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61ም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኑረው ካለ በኋላ፣ አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች እንደሚመርጧቸው ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንደሚያስመርጡ ይደነግጋል። ስለ አፈጻጸሙ የራሳችሁ አስተያየት እንደሚኖራችሁ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ግን እዚያ አንግባ። ሩቅ መሄድ የማይወድ እዚሁ ደቡብ ያሉትን ሚሲሲፒንና ሉዊዚያናን ይይ። ሚሲሲፒ ሦስት፣ ሉዊዚያና አምስት ኮሚሽነር አላቸው፤ ሁሉንም የሚመርጣቸው የየራሳቸው ዲስትሪክት ነው።

ወደ ጆርጂያና ወደ ፊትዝ ጆንሰን እንመለስ። በ2020 የፉልተን ጥቁር ነዋሪዎች ኮሚሽነሮቹን መላው ስቴት መምረጡ ድምፃችንን ያሳንሳል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በኦገስት 2022 ትራምፕ የሾሟቸው ዳኛ ስቲቨን ግሪምበርግ ፈረዱላቸው፤ የዚያ ዓመት የሁለት ወንበሮች ምርጫም ታገደ። በኖቬምበር 2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው፤ በመላው ስቴት መምረጥ ጆርጂያ ራሷ የመረጠችው የአስተዳደር መልክ ነው አለ። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። የድምፅ ክብር ይጠበቅ ተብሎ የተጀመረው ክስ መጨረሻው ለሁለቱ ወንበሮች ማንም ድምፅ ሳይሰጥ ሦስት ዓመት ማለፉ ሆነ። ፊትዝ ጆንሰን በዚህ መሃል ነው የቆየው። ኮሚሽኑ ቢል ማጽደቁን አላቋረጠም፤ በ14 ቢሊዮን ዶላር ይጠናቀቃሉ ተብለው ከ30 ቢሊዮን በላይ የፈጁት የቮግትል ሁለት አዳዲስ የኒውክሌር ማመንጫዎች ወጪም በቢላችን ላይ መጣ።

እርግጥ ነው፣ የይግባኝ ሰሚው ሐሳብ ፍሬ የለውም አይባልም። ቮግትል ያለው ኦጋስታ አጠገብ በርክ ካውንቲ ነው፤ ክላርክስተን ያለው አምፖል ግን ይከፍልለታል። መስመሩ አንድ ከሆነ ሁሉም ሁሉን ይምረጥ ማለት ያስኬዳል። ታዲያ እንዲያ ከሆነ የመኖሪያ ግዴታው ምን ይሠራል?

የሚሠራውንማ አየነው፤ ተወዳዳሪ ያባርራል። በ2022 ሕግ አውጪው ካርታውን ሲከልስ ግዊኔት ካውንቲን ከዲስትሪክት 2 አወጣው፤ እዚያ የምትኖረው ተወዳዳሪ ፓቲ ዱራንድም ጓዟን ጠቅልላ ቤት መቀየር ግድ ሆነባት። በ2025 ደግሞ ዳንኤል ብላክማን ፉልተን ውስጥ በቂ ጊዜ አልኖርክም ተብሎ ከዲስትሪክት 3 የዲሞክራቶች ውድድር ታገደ። የኪራይ ውል የሚመረምር፣ ለመራጩ ፈቃድ ግን ደንታ የሌለው ውክልና ይህ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ በኖቬምበር 2025 ዲሞክራቶቹ አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሀባርድ ሁለቱን ወንበሮች ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ሲወስዱ ያሸነፉት በዚያው በተከሰሰው አመራረጥ ነበር። ቢሉ ያስመረረው መላው ስቴት ነዋ። በዲስትሪክት ቢሆን ኖሮ ሀባርድ እዚህ ያለ ጭንቀት ያልፍ ነበር፤ ምሥራቅ ጆርጂያ ባለው ዲስትሪክት 2 ለአሊሺያ ጆንሰን ያን ያህል የሚደፍር ግን ጥቂት ነው። የ2025ቱ ድል የሚቀጥለው ምርጫ ዋስትና አይሆንም። የ2018ቱም የ2025ቱም ሕግ አንድ ነው፤ የተለወጠው የሕዝቡ ብሶት ነው። ደንቡ መስተካከል አለበት፦ ወይ ዲስትሪክቱ ራሱ ይምረጥ፣ ወይ የመኖሪያ ግዴታው ይነሣ።

ለጠያቂው ሰውዬ መልስ፦ የእኛ ሰው አሁን ፒተር ሀባርድ ነው። የተመረጠው ለሙሉ ስድስት ዓመት ስላልነበረ ግን ወንበሩ ገና በ2026 ከዲስትሪክት 5 ጋር እንደገና ለምርጫ ይቀርባል። ዜግነት ያላችሁ ተመዝገቡ፤ ኖቬምበር 3 ቀን የገዥውን ስም ብቻ መርጣችሁ እንዳትወጡ፣ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቡት።