ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ሰፈራችን «ነፋስ ስልክ» መባሉ ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት በአካባቢው በቆመው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ምክንያት ነው። ሕዝቡ ያለ ሽቦ ቃል የሚያደርሰውን መሣሪያ ባየ ጊዜ የነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም ከመሣሪያው አልፎ የሰፈሩ ሆነ። እኔ የምጽፈው ግን እጅግ ስላጠረ የድምፅ መንገድ ነው፤ ይኸውም በአንድ ጠባብ ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚሄደው።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእኅቴ ልጅ ጋር እኖራለሁ፤ ማታ ማታም በፕሌይስቴሽን እንጫወታለን። (የመንግሥት ሠራተኛ ጌም መጫወቱ የሚያስቀው ሰው ቢኖር፥ አባቶቻችን ገበጣ ይጫወቱ እንደ ነበር ያስታውስ።) በጨዋታው ውስጥ ጠላት ከኋላ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ድምፁን ሁሉ ከፊት ያመጣዋል። ስለዚህ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ያለውን፥ «5.1» የሚሉትን መሣሪያ ገዛን።

ድምፅን በአድማጭ ዙሪያ ማሰማት በሲኒማ ቤት የተጀመረው በ1933 ዓ.ም. የዋልት ዲስኒ «ፋንታዚያ» በታየ ጊዜ ነው። ነገሩን በጆሮው ሊረዳ የሚወድ ግን በማኅሌት ሌሊት በቅኔ ማኅሌቱ መካከል ይቁም። የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ ወገን ፊት ለፊት ሆነው ሲቀባበሉ ዜማው ከጆሮ ወደ ጆሮ ይሻገራል። ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ጸናጽሉ ከወዴት እንደ ተሰማ ያውቃል፤ የከበሮው ጉምጉምታ ግን ቤቱን ሁሉ ስለሚሞላ ወዲህ ነው ለማለት ያስቸግራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሁለቱን ጆሮ የሚለያየው ጊዜ የሰከንድን አንድ ሺኛ አይሞላም፤ አእምሮ ግን በዚህችው አቅጣጫን ይለያል። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ ጭንቅላታችን ይጋርደዋል፤ ወፍራሙ ዞሮ ያልፋል። ሰብዉፈር አንድ ብቻ የሚበቃውም ስለዚህ ነው።

የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች ከመቀመጫችን 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ አደረግን፤ አንዱን ከቴሌቪዥኑ ሥር። የቀሩት ሁለቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከጀርባ አይደሉም፤ 110 ዲግሪ ያህል፥ ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ ነው ቦታቸው። ሶፋው ከግድግዳ ተጣብቆ ስለ ነበር ወደ ፊት ሳብነው። ባዶው ወለል ድምፁን እያስተጋባ ሲያደናግር ምንጣፍ አነጠፍን፤ በመስኮቱም ጋቢ ሰቀልን።

የቀረው ግድግዳው ነበር። ብሎኬት የሰውን ንግግር ቢያፍነውም የሰብዉፈሩን ጉምጉምታ አያግደውም፤ ከወዲያ ደግሞ በጊዜ የሚተኙ አንዲት እናት አሉ። ሄጄ፥ «እትዬ፥ ከመኝታ ክፍልዎ ይቀመጡልኝና ድምፁ መሰማት ሲጀምር ግድግዳውን ይምቱልኝ» አልኋቸው። እየሳቁ እሺ አሉ። በመቱበት ልክ በመሣሪያው መዘውር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ልጁ አይቶ፥ «ጋሼ፥ በዚህ ልክማ ምኑ ይሰማል?» አለኝ።

«እንግዲያው እንጠጋለና!» አልሁት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩን ነቅለን በጆሮ ማዳመጫ እንጫወታለን። በሁለት ጆሮ ላይ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ብቻ ሳሉ ኮቴው በእርግጥ ከኋላ ይመጣል፤ መሣሪያው ድምፁን ከኋላ እንደ መጣ አድርጎ አስልቶ ያሰማዋልና። ልጁ በመጀመሪያው ሌሊት ብድግ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረ።

እትዬ ግን በሳምንቱ በደረጃው ላይ አግኝተውኝ፥ «ልጁ ታሞ ነው ወይ? ድምፁ ጠፋብኝ» ሲሉ ጠየቁኝ።